ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?
ስለ ጨካኝ የኩባንያ መሥራቾች ግብረ ገብና ፊልሞች ስለሚሰጧቸው መልክ

መግቢያ

በአዲስ አበባ በመጀመሪያ ከተከፈቱት የሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። ዛሬ ይህን የሚሰማ ተማሪ ይሥቃል። ነገር ግን አባቶቻችን በስሙ ተሳስተው ይሆናል እንጂ በሥጋታቸው ፈጽመው አልተሳሳቱም። በጨለማ ክፍል ተቀምጦ የሰውን ኑሮ በብርሃን ተሥሎ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ሳይማር አይወጣም። የተማረው ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመር ደግሞ የሒስ ሥራ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ስለ አንድ ዓይነት ፊልም ጥቂት ሐሳብ ማቅረብ ነው። ይኸውም ከባዶ ተነሥቶ ታላቅ ኩባንያ ስላቋቋመ፥ በመንገዱም ላይ ሰው ረግጦ ስላለፈ ሰው የሚተርከው ፊልም ነው። ይህ ዓይነት ፊልም በእኛ በተማሪዎች ዘንድ እጅግ ይወደዳል። የንግድ ሥራ ትምህርት የሚከታተሉ ወዳጆቻችንማ እንደ ተጨማሪ የመማሪያ መጽሐፍ ይቈጥሩታል። እኛም ወደነዋል፤ የምንመረምረውም ስለ ወደድነው ነው።

ክርክራችን ባጭሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ፊልሞች «መሥራቹ ክፉ ነው ወይስ ደግ?» እያሉ የአንድን ሰው ልብ ሲመረምሩ ሁለት ሰዓት ይፈጃሉ። የጭካኔውን ሒሳብ የሚከፍለውን ሰው ግን ፊቱን አያሳዩንም። ካሳዩንም የሚያሳዩን ጠበቃ ማቆም የሚችለውን የቀድሞ ባልንጀራውን ነው። ስለዚህ ጨካኙን በሚያወግዙበት ጊዜ እንኳ ፍርዳቸው ጎደሎ ይሆናል። ይህን ለማስረዳት ሁለት የአሜሪካ ፊልሞችን፥ በአገራችን የተቀረጸ አንድ ዘጋቢ ፊልምና የአገራችን ሰው የሠራውን አንድ ፊልም እንመለከታለን። ከፊልሞቹም ጋር በአገራችን የተደረጉትን ነገሮች እናስተያያለን።

1. በግቢያችን የተነሣ ጥያቄ

የምንኖረው በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በለቡ፥ ብዙ ተከራይ በሚገኝበት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ሆነን «ዘ ፋውንደር» የተባለውን ፊልም እናይ ነበር። ትርጓሜው «መሥራቹ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ዲሬክተሩ ጆን ሊ ሃንኮክ፥ ዋናው ተዋናይ ማይክል ኪተን ነው።

ታሪኩ በእውነተኛ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ሬይ ክሮክ የተባለ የ52 ዓመት አሜሪካዊ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1954 በካሊፎርኒያ፥ በሳን በርናርዲኖ ከተማ የሚገኘውን የሁለቱን ወንድማማቾች፥ የዲክንና የማክ ማክዶናልድን ምግብ ቤት ያያል። በአሠራራቸው ፍጥነት ይደነቃል፤ በስማቸው ቅርንጫፍ ለመክፈትም ይዋዋላል። ውሉ እጁን ሲያስረው ምግብ ቤቶቹ የሚቆሙበትን መሬት የሚይዝ ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ የወንድማማቾቹን መሠረት ከሥር ይቈፍራል። እ.ኤ.አ. በ1961 በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ያስወጣቸዋል። የመጀመሪያውን ምግብ ቤታቸውን እንኳ በገዛ ስማቸው እንዳይጠሩ ይከለከላሉ። ፊልሙ እንደሚለው ከገቢው ከመቶ አንድ እጅ እንዲደርሳቸው በጽሑፍ ሳይሆን እጅ በመጨባበጥ የተሰጣቸው ተስፋ ሳይፈጸም ቀርቷል።

ክሮክ ወንድማማቾቹን ድል በነሣ ጊዜ ከመካከላችን ያጨበጨቡ ነበሩ። ፊልሙ ሲያልቅ ክርክር ተነሣ። ግማሾቹ «ይህ ዝርፊያ ነው» አሉ፤ ግማሾቹ «ብልኅነት ነው፤ ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ቢቀሩ ኖሮ ከአንድ ምግብ ቤት አያልፉም ነበር» አሉ። ክርክሩ በጦፈበት ሰዓት ቡና ስታፈላልን የነበረችው ጎረቤታችን ጀበናዋን ከከሰሉ ላይ አንሥታ፥ «እናንተ ልጆች፥ ያ ሥጋ ሲጠብስ የነበረው ልጅስ? ደመወዙ ስንት ነው?» ስትል ጠየቀችን።

ከእኛ መካከል መልስ የሰጠ አልነበረም። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሰን ተመለከትን። የልጁ ደመወዝ አልተነገረም። ስሙም አልተነገረም።

ይህች ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ያህል በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርታ የወጣች ናት። ስለዚህ ጥያቄዋ ከትምህርት ክፍል የተገኘ ሳይሆን ከኑሮዋ የመጣ ነበር። ይህ ጽሑፍ ለእርሷ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

2. በቴኒስ ሜዳ ላይ የተሠመረው ወጥ ቤት

በ«ዘ ፋውንደር» ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተው ትርኢት ምናልባት የቴኒስ ሜዳው ነው። ወንድማማቾቹ የወጥ ቤታቸውን ፕላን በቴኒስ ሜዳ ላይ በጠመኔ ያሠምራሉ። ሠራተኞቻቸውን ጠርተው እያንዳንዱን በየቦታው ያቆሙና፥ ምግብ ሳይኖር፥ ምድጃ ሳይኖር፥ እንደሚጠብሱና እንደሚያቀብሉ ሆነው እንዲንቀሳቀሱ ያደርጓቸዋል። አንዱ ከአንዱ ሲጋጭ መሥመሩ ይደመሰሳል፤ እንደገና ይሠመራል። በመጨረሻ ሁሉም ሳይነካካ ይንቀሳቀሳል፤ ምግቡም በ30 ሴኮንድ የሚደርስበት ዘዴ ይገኛል። ዲሬክተሩ ይህን ሁሉ እንደ ዳንስ አድርጎ ነው የቀረጸው። ዘፈኑ ይሞቃል፥ ተመልካቹ ይሥቃል።

ትርኢቱ በጥበብ የተሠራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ልብ ብለን ስናየው ፊልሙ ሊነግረን ያላሰበው ነገር አለ። እነዚህ ወንድማማቾች በታሪኩ ውስጥ የተበደሉ፥ የዋህና ቅን ሰዎች ናቸው። ሆኖም የሠራተኛውን እግርና እጅ በሴኮንድ የለኩት እነሱ ናቸው እንጂ ክሮክ አይደለም። ክሮክ የወሰደባቸው ይህንኑ ልክ ነው። በሌላ አነጋገር፥ ፊልሙ «ሰረቀ» እያለ የሚያዝንለት ሀብት ሠራተኛን ያለ ትርፍ እንቅስቃሴ የማሠራት ዘዴ ነው። የዘዴው ባለቤት ማን መሆን አለበት ተብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ክርክር ይደረጋል፤ ዘዴው የሚሠራበት ሰው ግን ሐሳቡን አይጠየቅም።

እንግዲህ ፊልሙ ጨካኙን ያወግዛል ወይ? አዎን፥ በመጠኑ ያወግዛል። በመጨረሻው ክፍል ክሮክ ሀብታም ሆኖ በመስተዋት ፊት ንግግሩን ሲለማመድ እናየዋለን፤ ለአንድ አፍታም ያለፈው ነገር የከበደው ይመስላል። ነገር ግን ይህ ውግዘት በባለቤትና በባለቤት መካከል የተወሰነ ነው። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ፊልሙ የዝሆኖቹን ጠብ አሳየን፤ ሣሩ ግን ለእግራቸው ምንጣፍ ሆኖ ብቻ ታየ።

3. ጠበቃ ያላቸው ተበዳዮች

ሁለተኛው ፊልም «ዘ ሶሻል ኔትዎርክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፥ በዴቪድ ፊንቸር የተዘጋጀ ሲሆን ድርሰቱ የአሮን ሶርኪን ነው። ማርክ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በ2004 በሃርቫርድ ተማሪ ሳለ ፌስቡክን እንዴት እንዳቋቋመ ይተርካል። ድርሰቱ የታነጸው በሁለት ክሶች ላይ ነው። አንደኛው «ሐሳባችንን ወሰደብን» የሚሉት የዊንክልቮስ መንትያዎች ክስ ነው፤ ሁለተኛው ከኩባንያው ድርሻው እንዲመነምን የተደረገበት የቅርብ ጓደኛው የኤድዋርዶ ሳቬሪን ክስ ነው። ጠበቆች በረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጠይቃሉ፤ ያለፈው ታሪክ በመልሶቹ መካከል ይገለጣል።

በአሠራሩ ከ«ዘ ፋውንደር» የሚበልጥ ፊልም ነው። ነገር ግን አሠራሩ ራሱ ትልቅ ጉድለት ይዞ መጣ። ታሪኩ በክስ ላይ ስለ ታነጸ ጉዳት ማለት ሊከስ የሚችል ሰው የደረሰበት ጉዳት ብቻ ሆነ። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ የአንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። በመጨረሻም አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ለመሥራቹ ክፉ ሰው አለመሆኑን፥ ክፉ ለመምሰል ግን እንደሚደክም ትነግረዋለች። ተመልካቹም ብቻውን ለቀረው ወጣት እያዘነ ይወጣል።

አሁን ከዚህ ጠረጴዛ ተነሥተን ወደ ባሕር ዳር እንሂድ። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በጦርነቱ ወራት፥ በ2014 ዓ.ም.፥ በፌስቡክ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ወጡ። በጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ቤተሰቡ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ቢያመለክትም በጊዜው የደረሰ መልስ አላገኘም። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ ፊልም ከ11 ዓመት በኋላ የሚሆነውን ባለማወቁ ሊወቀስ አይገባውም። እንዲህ ያለ ወቀሳ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የምንለው ሌላ ነው። ፊልሙ ስለ አንድ መሥራች ግብረ ገብ ስናስብ ወዴት መመልከት እንዳለብን አስተምሮናል፤ ወደ ጓደኛው ፊት፥ ወደ ፍቅረኛው ፊት፥ በመጨረሻም ወደ ራሱ ብቸኝነት። «ጓደኛውን ካደ ወይስ አልካደም?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ተማሪ በሚገባ ሊከራከርበት ይችላል። «መሣሪያው በሩቅ አገር፥ በማያውቀው ቋንቋ፥ ሰው ሲያስጨንቅ የሚጠብቀው ዘበኛ አቁሟል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከፊልሙ በር ውጭ ቀርቷል። በእኛ አስተያየት የመሥራች ዋናው ግብረ ገብ ያለው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው። የሚያውቁትን ሰው አለመክዳት መልካም ነገር ነው፤ የማያውቁትን ሰው አለመጉዳት ግን ከዚያ ይከብዳል።

4. መሥራቹ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሩቅ ሰዎች ነው። ይሁን እንጂ ክፍለ ከተማችን የፋብሪካ ሰፈር ስለ ሆነ ነገሩን በቅርብ ለማየት ወደ ውጭ መሄድ አያስፈልግም።

በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ወደ ሼንዜን በሄዱ ጊዜ የቻይና የጫማ አምራቾች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ግብዣውን ከተቀበሉት አንዱ የሁዋጃን ኩባንያ መሥራች ዣንግ ሁዋሮንግ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ወታደር የነበረ፥ ከጥቂት የስፌት መኪናዎች ተነሥቶ ትልቅ የጫማ ኩባንያ ያቋቋመ ነው። ጥቂት ወራት ብቻ ቈይቶ፥ በጥር 2004 ዓ.ም. ፋብሪካው በዱከም ሥራ ጀመረ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በለቡ ሌላ ሰፊ የኢንዱስትሪ መንደር መሥራት ጀመረ፤ መንደሩ ከላይ ሲታይ የሴት ጫማ እንዲመስል ታስቦ የተነደፈ እንደ ነበረ ተዘግቧል። መሥራቹ ሠራተኞቹን እንደ ወታደር አሰልፎ እንደሚያነጋግርም ተጽፏል። በ2006 ዓ.ም. የወጣ የብሉምበርግ ዘገባ በዱከም የነበረውን ደመወዝ በወር ወደ 40 ዶላር ግድም አድርጎ ገልጾታል።

የዚህን ሰው ታሪክ የሚተርክ የልብ ወለድ ፊልም አላየንም። ቢሠራ ግን ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የድኻው ልጅ ሲነሣ፥ ወታደሩ ሲሰለፍ፥ ከባሕር ማዶ ባዶ ሜዳ ላይ ሲቆምና ፋብሪካው ሲነሣ እናያለን። ሠራተኛው በመጨረሻው ትርኢት በብዛት ተሰልፎ ይታያል። እኛ ይህ ሰው ጨካኝ ነው ወይም አይደለም ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም፤ ልቡን አናውቀውም። የጽሑፋችንም ነጥብ ይኸው ነው። ልቡን ማወቅ ሳያስፈልገን ልንጠይቀው የምንችለው ጥያቄ አለ።

በዚህ ቦታ የሚነሣውን ብርቱ ተቃውሞ ሳንመልስ ማለፍ አይገባንም። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል። «አገራችን ድኻ ናት። ሥራ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ ጠባዩን መመርመር ቅንጦት ነው። ጨካኝ ባይሆን ኖሮ ፋብሪካው አይቆምም ነበር።» ይህ ክርክር ሥር አለው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ የእጅ ሥራና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ድካሙን ዕውቀት ላለው ሕዝብ ጥቂት ድካም እየለወጠ እንደሚኖር አስረድተዋል። ፋብሪካ ያስፈልገናል። ይህን የሚክድ ከእኛ መካከል የለም።

ነገር ግን «እኔ ባልኖር ትራቡ ነበር» የሚለው ቃል እውነት መሆን አለመሆኑ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው፤ የተመረመረም ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ምሁራን በኢትዮጵያ በሚገኙ 5 ድርጅቶች ሥራ ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በዕጣ ሥራውን ያገኙትና ያላገኙት ሲነጻጸሩ፥ ከአንድ ዓመት በኋላ በገቢያቸው የጐላ ብልጫ አልታየም፤ በሥራው የገቡት ግን የጤና ችግር በዝቶባቸው ተገኝቷል። አብዛኞቹም በዓመቱ ውስጥ ሥራውን ለቀዋል። ከዚህም ሌላ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በአገራችን የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፥ ይህም ጥናቱ ካነጻጸራቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደ ነበረ ገልጿል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ የዝቅተኛው ደመወዝ ልክ ግን አዋጁ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመት ሳይወሰን ቈይቷል።

ይህን ለጎረቤታችን ስናነብላት አልተደነቀችም። ነገር ግን ነገሩን በአንድ ወገን እንዳናየው አረመችን። «በሰው ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ደመወዜን እመቤቲቱ ይይዙልኝ ነበር፤ በፋብሪካ ግን ራሴ ፈርሜ ተቀበልሁ። ያን ቀን አልረሳውም» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ፥ «የቤት ኪራይና የታክሲ ከከፈልሁ በኋላ የሚተርፈኝ ግን ፊርማዬ ብቻ ነበር» አለች። ፋብሪካውን የሚያወድሰውም የሚያወግዘውም ሰው ሁለቱን ቃሎች አንድ ላይ መያዝ አለበት። እኛ እስካሁን ካየናቸው የመሥራች ፊልሞች ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ አላገኘንም።

5. ዐይኑን ያዞረ ፊልም

ወደዚህ የሚቀርብ አንድ ሥራ ግን አለ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕዝብ የቀረበው «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ነው። ያዘጋጁት ሺንያን ዩና ማክስ ዳንካን ናቸው። የተቀረጸው ከአዲስ አበባ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ በዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ነው፤ የሁዋጃን የመጀመሪያ ፋብሪካ የቆመውም በዚሁ ዞን ነው። ፊልሙ ሦስት ሴቶችን ለብዙ ዓመት ይከተላል። አንዷ ከዞኑ የሥራ መሪዎች መካከል የሆነችው ቻይናዊቷ ሞቶ ናት፤ ዞኑን ለማስፋትና 30000 አዲስ ሥራ ለማስገኘት ትጥራለች። ሁለተኛዋ ማስፋፊያው መሬቷን የሚፈልግባት ገበሬ ወርቅነሽ ናት። ሦስተኛዋ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ቤቲ ናት። በመካከሉ ወረርሽኙ ይመጣል፥ ጦርነቱ ይነሣል።

የፊልሙ ትልቁ ብልጫ መሥራቹን ከመካከል ማንሣቱ ነው። ሞቶ መሥራች አይደለችም፤ የመሥራቾቹን ሐሳብ ለመፈጸም የምትደክም፥ የራሷም ናፍቆት ያላት ሴት ናት። ደግሞም ክፉ ሰው አይደለችም። ተመልካች ክፉ ሰው ፈልጎ ሲያጣ ጥያቄውን ለመለወጥ ይገደዳል። ክፉ ሰው ሳይኖር መሬቱ ከሄደ፥ ክፉ ሰው ሳይኖር ደመወዙ ካልበቃ፥ ነገሩ ከአንድ ሰው ጠባይ የበለጠ መሆኑ ይገባዋል።

ሆኖም ይህም ፊልም ከነቀፋ አያመልጥም። የሦስቱን ሴቶች ተስፋ በእኩል ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ይደክማል። ተስፋቸው እኩል ሊሆን ይችላል፤ የሚያሲዙት መያዣ ግን እኩል አይደለም። ዕቅዱ ቢፈርስ ሞቶ አገሯ ትገባለች። ቤቲ ሥራውን ልትተው ትችላለች፥ የወር ደመወዝን ግን መተው አይቻላትም። ወርቅነሽ አንድ መሬት ብቻ አላት። ሚዛናዊ ለመሆን ሲባል ይህ ልዩነት ከለሰለሰ ሚዛኑ ራሱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ይሆናል።

ከዚህ ፊልም ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ተመልሰን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ብናይ ይህን ልዩነት ሳይፈራ የተናገረ ሥራ እናገኛለን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ቀረበ፤ የተቀረጸው ግን የዘውዱ መንግሥት በሚወድቅበት ወቅት በገጠር ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፥ ርዝመቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በእርግጥ ስለ ባለመሬትና ስለ ጭሰኛ እንጂ ስለ ኩባንያ መሥራች አይደለም። ነገር ግን ጨካኝ ጌታን በፊልም እንዴት መግለጥ እንደሚገባ ከእርሱ መማር ይቻላል። ባለመሬቱ ተቀምጦ ይጮኻል፥ ያዝዛል፤ የልጅነት ታሪኩ አይነገረንም፥ ልቡም አይመረመርም። ካሜራው ከጭሰኛው ቤተ ሰብ ጋር ሆኖ ያርሳል፥ ከብት ይጠብቃል፥ በዝግታ ይሄዳል። ብዙ ተመልካች «ፊልሙ ይረዝማል» ሲል ሰምተናል። እውነት ነው ይረዝማል፤ የጭሰኛው ቀን ግን ከዚያ ይረዝም ነበር። በመጨረሻ እንደ እብድ የሚታየው ከበበ ባለመሬቱን ይገድለዋል። ይህን ፍጻሜ እንደ መፍትሔ አንቀበለውም። ነገር ግን ተመልካች እዚያ ሲደርስ ሒሳቡን ማን ሲከፍል እንደ ኖረ ለማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው የፍርድ መለኪያ ሁለት ጥያቄዎችን የያዘ ነው። ስለ መሥራችም ሆነ ስለ ፊልሙ ብንጠይቅ ያገለግላሉ። አንደኛው «ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከፋዩ እንቢ ለማለት ይችል ነበር ወይ?» የሚል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በልጅነታችን በሚስዮን ትምህርት ቤት የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ተምረናል። ያን ጊዜ ንጉሡ አክዓብ ቀማኛ መሆኑን ብቻ ነበር ያስተዋልነው። አሁን ስናነበው ግን አክዓብ በመጀመሪያ ጨዋ ነጋዴ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር ሊሰጥ ጠይቋል። ወንጀሉ የመጣው ከዋጋው ማነስ ሳይሆን ናቡቴ እንቢ ባለ ጊዜ እንቢታው ዋጋ በማጣቱ ነው። የማክዶናልድ ወንድማማቾች ቢያንስ ተፈራርመው 2.7 ሚሊዮን ዶላር ተቀብለው ወጡ። ሥጋ ጠባሹ ልጅ ግን ለመፈረምም እንቢ ለማለትም አልተጠራም።

ስለ ፊልም ብቻ ብንናገር ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምን ነበር። ነገር ግን ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች ከፊልም ያለፈ ነው። ከመካከላችን ኩባንያ የሚያቋቁም ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ተመርቀን የመሥራቾች ሎሌ እንሆናለን። ከእኛ ቀድሞ የተመረቀ አንድ ወዳጃችን በአንድ ፋብሪካ የመስመር ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ሴቶቹ አንድ ቁራጭ ለመስፋት ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጁ በስልኩ መለካት ነው። «የያዝሁት ስልክ ነው፤ እነሱ ግን የሚያዩት እንደ ዱላ ነው» ብሎናል። ይህ ወዳጃችን ከዚያ ቅዳሜ በፊት ያንኑ ፊልም ከእኛ ጋር አይቶ በቴኒስ ሜዳው ትርኢት ከልቡ የሣቀ ሰው ነው። አብረነውም ሥቀናል።

እንግዲህ እነዚህን ፊልሞች አንይ አንልም፤ እናያቸዋለን። ስናይ ግን ዐይናችንን ከመሥራቹ ፊት ጥቂት ፈቀቅ አድርገን በስተኋላው የሚንቀሳቀሱትን እጆች እንፈልግ። የአገራችን የፊልም ሠሪዎችም አንድ ቀን የዚህን ሰፈር ፋብሪካዎች ታሪክ ሲጽፉ ከመሥራቹ የልጅነት ታሪክ ሳይሆን ከደመወዝ ቀን ቢጀምሩ ደስ ይለናል። ጎረቤታችን የጠየቀችንን ጥያቄ እኛ እስከ ዛሬ አልመለስንላትም። ምናልባት መልሱን የሚሰጣት እንዲህ የሚጀምር ፊልም ይሆናል።